ስለ ፈትል ፋብሪካ አየርና ስለ ብናኝ ማጣሪያ መኪናዎች

በጥጥ ፋብሪካ አቅራቢያ የሚኖር የከተማ ሰው ከሚያነሣቸው አቤቱታዎች አንዱ በግቢው ዛፍና በመስኮቱ ደፍ ላይ ስለሚያርፈው ነጭ ጥጥ ነው። ለጉብኝት ወደ ፋብሪካው የሚገባ የመንግሥት ሠራተኛም አስቀድሞ የሚያየው ይህንኑ ነው፤ በመኪናዎቹ እግር ሥር የተከማቸ፣ በመብራቱ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ፣ በሠራተኞቹ ራስ ላይ እንደ ውርጭ ያረፈ ጥጥ። ወለሉ ተጠርጎ ባየው ጊዜ ፋብሪካው ንጹሕ ነው ብሎ ይመሰክራል፤ ወለሉ ነጭ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ደግሞ ይወቅሳል። ይህ ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ዓይን የሚያየው ጥጥ ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚገባው አይደለም፤ ጥልቅ የሚገባውንም ዓይን አያየውም። ሁለቱን የሚሰበስቡት መኪናዎችም የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ለባለ ፋብሪካው ገንዘብ ይመልስለታል፤ ሁለተኛው ግን በአብዛኛው ወጪ ነው። ስለዚህ አንደኛው በደስታ ሲገዛ ሁለተኛው ሕግና ቁጥጥር ካልደረሰበት በቀር ይዘነጋል። ከዚህ በታች የተመለከተው ማብራሪያ የሁለቱን አሠራርና ልዩነት የሚገልጥ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት በቤት ውስጥ ጥጥ የሚሠሩትን እናቶች ማሰብ ይበቃል። ጥጡ ተዳምጦ ከፍሬው ከተለየ በኋላ በደጋን ይነደፋል። ደጋኑ በተመታ ቁጥር ጥጡ ይለሰልሳል፤ ከውስጡም የቅጠል ስብርባሪ፣ አፈርና አጫጭር ጥጥ ይበናል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆንና በእንዝርት ይፈተላል። አንዲት ሴት በግቢዋ ጥላ ሥር ስትነድፍ ብናኙን ነፋስ ይወስደዋል። የፋብሪካም ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ በብዙ ሺህ እንዝርት፣ በታላቅ ፍጥነት፣ ነፋስ በማይገባበት አዳራሽ ውስጥ መሠራቱ ነው።

በእስር የመጣው ጥጥ በመጀመሪያው ክፍል በጥርሳም ብረት እየተቦጨቀ ይፈታል፤ እየተመታም ይጸዳል። ቀጥሎ ወደ መንደፊያው መኪና ይገባል። ይህ መኪና እጅግ ብዙ በሆኑ ቀጫጭን የሽቦ ጥርሶች የተሸፈነ ታላቅ ከበሮ አለው፤ ጥጡንም እንደ ማበጠሪያ አበጥሮ ቃጫዎቹን አንድ በአንድ ይለያያቸዋል። ቃጫ የተባለው አንዱ ቀጭን የጥጥ ጸጉር ነው። ከዚያ የሚወጣው ረዥም አመልማሎ እየተሳበና እየቀጠነ ሄዶ በመጨረሻ በመፍተያው መኪና እንዝርት ላይ ክር ሆኖ ይጠቀለላል። ቆሻሻው ከሁሉ ይልቅ የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ነው። ሥራው ወደ ፊት በሄደ መጠን የቅጠሉና የአፈሩ ብናኝ ይቀንሳል፤ በምትኩ የተበጠሱ ቃጫዎችና የክር ቁራጮች ይበዛሉ።

የፋብሪካ ሰዎች ውዳቂውን በሁለት ይከፍሉታል። ገና ያልተጠመዘዘው ለስላሳ ውዳቂ ይባላል፤ ይህ ጥጥ እንደ አዲስ ጥጥ ያህል መልካም ስለ ሆነ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመልሶ ከሌላው ጋር ይደባለቃል። ተጠምዝዞ ክር ከሆነ በኋላ የተጣለው ግን ጠንካራ ውዳቂ ነው፤ እርሱን እንደ ገና ጥጥ ለማድረግ በሌላ መኪና መበጫጨቅ ያስፈልጋል፤ ቃጫውም በዚህ ጊዜ ይቆራረጣል። ስለዚህ ባለ ፋብሪካው ለስላሳውን ውዳቂ ሳይረገጥና ሳይቆሽሽ ለመሰብሰብ ይጣጣራል።

ለዚህ ተግባር የተሠራው መኪና አሠራሩ ቀላል ነው። በመፍተያው መኪና ግራና ቀኝ ብዙ መቶ፣ በአዲሶቹም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ እንዝርቶች ተሰልፈዋል። ከየእንዝርቱ በላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሽከረከሩ ብረቶች አመልማሎውን እየሳቡ ያቀጥኑታል። ክሩ በተበጠሰ ጊዜ እነዚህ ብረቶች አይቆሙም፤ ሠራተኛዪቱ ደርሳ ክሩን እስክትቀጥለው ድረስ ጥጡን ማውጣታቸውን ይቀጥላሉ። የወጣውም ጥጥ መሄጃ ሲያጣ ወይ በብረቱ ላይ ይጠመጠማል፣ ወይ የጎረቤቱን ክር መትቶ ይበጥሳል፣ ወይም በአዳራሹ ውስጥ ይበናል። ይህ እንዳይሆን ከያንዳንዱ ጥንድ ብረት ሥር አፉ የተከፈተ ትንሽ ቱቦ ይደረጋል። ቱቦዎቹ ሁሉ በመኪናው ርዝመት ከሚሄድ አንድ ቦይ ጋር የተገናኙ ናቸው፤ በቦዩ መጨረሻም ወንፊት ያለው ሣጥንና በሞተር የሚዞር ማራገቢያ አለ። ማራገቢያው አየሩን በሳበ ጊዜ የተበጠሰው ጥጥ በቅርቡ ባለው ቱቦ ይገባል፤ አየሩ በወንፊቱ ያልፋል፣ ጥጡ በወንፊቱ ላይ ይቀራል። መሣሪያው በብዙ ፋብሪካዎች ኒውማፊል በሚባለው የንግድ ስሙ ይታወቃል።

ሆኖም ሣጥኑ በጊዜው መራገፍ አለበት። በወንፊቱ ላይ የተጋገረው ጥጥ በወፈረ መጠን አየሩ ለማለፍ ይቸገራል፤ የመሳቡም ኃይል ከማራገቢያው ራቅ ካሉት እንዝርቶች ጀምሮ ይደክማል። ሣጥኑን ማራገፍ የአንድ ሰው ተራ ሥራ ተደርጎ የሚናቅበት ፋብሪካ በመኪናው ጫፍ ያሉት ክሮች ለምን አብዝተው እንደሚበጠሱ ሲመረምር ወር ይፈጅበታል። በአዲሶቹ ፋብሪካዎች የሁሉም ሣጥኖች ጥጥ በረዥም ቱቦ እየተሳበ በአንድ ስፍራ እንዲከማች ስለ ተደረገ ይህ ችግር ቀንሷል።

ሁለተኛው መኪና ከመፍተያዎቹ በላይ በሐዲድ የሚመላለሰው ተጓዥ ጠራጊ ነው። ከላይ እስከ ወለል የሚወርዱ ረዣዥም እጀታ መሰል ቱቦዎች አሉት። አንዳንዶቹ ቱቦዎች ወደ መኪናው አካል አየር ይነፋሉ፤ ሌሎቹ ከወለሉ አጠገብ የወደቀውን ይስባሉ። በየጥቂት ደቂቃው አንድ ዙር እየዞረ ጥጡ በመኪናው ላይ ከመጠን በላይ ሳይከማች ያራግፈዋል። ይህ ባይሆን የተከማቸው ጥጥ ጉብ ጉብ እያለ በክሩ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ሸማኔ የሚጠላው ወፍራም እብጠት ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ነገር ግን የመሳቢያው ቱቦ ተቀዶ ወይም ተደፍኖ መንፊያው ብቻ የሚሠራ ከሆነ ተጓዡ ጠራጊ ብናኙን ከመኪናው አንሥቶ ወደ ሰው አፍንጫ ከማድረስ በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ሌሊት ሠራተኛ በመጥረጊያ ወይም በተጨመቀ አየር እየነፋ እንዲያጸዳ ማድረግም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በአሜሪካ የጥጥ ብናኝ ሕግ ወለልንና ልብስን በተጨመቀ አየር ማጽዳት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ የሚታየውን ጥጥ የሚመለከት ነው። ባለ ፋብሪካ እነዚህን ሁለት መኪናዎች ለመግዛት ብዙ ምክር አያሻውም፤ የሚሰበስቡት ጥጥና የሚያድኑት ክር ዋጋቸውን ይመልሳልና።

የማይታየው ግን ሌላ ነው። በጠዋት ፀሐይ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ቤት ስትገባ በጨረሩ ውስጥ የሚጨፍረውን ትቢያ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጨረሩ ባይኖር ማንም አያየውም፣ ቤቱም ንጹሕ ይመስላል። የጥጥ ቃጫ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ አፍንጫና ጉሮሮም ያግደዋል። በቃጫው ላይ ተጣብቆ የመጣው የደረቀ ቅጠል ተፈጭቶ የሚሆነው ብናኝ ግን ከጥቂት ማይክሮን አይበልጥም። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እጅ ነው። እንዲህ ያለው ብናኝ ለሰዓታት በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በሚተነፍስ ሰውም እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይገባል።

የቃጫ ብናኝ እንደሚያሳምም የታወቀው ከጥንት ጀምሮ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተሙት መጽሐፍ የተልባና የቃጫ ነዳፊዎችን ሳልና የመተንፈስ ጭንቀት ጠቅሰዋል። በ1831 የማንቸስተሩ ሐኪም ጄምስ ፊሊፕስ ኬይ በጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያዩትን የደረት ሕመም ጻፉ። በ1877 ፈረንሳዊው አድሪየን ፕሩስት ቢሲኖሲስ የሚለውን ስም አወጡለት፤ ስሙ የተወሰደው ጥሩ በፍታ ከሚል የግሪክ ቃል ነው። በእንግሊዝ አገር በዚህ በሽታ ለተጎዱ ሠራተኞች ካሣ የሚሰጥ ሕግ የወጣው በ1940 ነበር። በ1950ዎቹም ዶክተር ሪቻርድ ሺሊንግና የሥራ ባልደረቦቻቸው በላንክሻየር ፋብሪካዎች የአየሩን ብናኝ እየመዘኑ የበሽታው ብዛት ከብናኙ ብዛት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳዩ። ከራማዚኒ እስከ ሺሊንግ ሁለት መቶ ኀምሳ ዓመት ማለፉ የሚያስገርም ነው።

የበሽታው ምልክት ልዩ ነው። ሠራተኛው እሑድ ዐርፎ ሰኞ ወደ ሥራ ሲመለስ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ደረቱ ይታፈናል፤ ትንፋሹ ያጥረዋል። ማክሰኞ ይሻለዋል፤ በሳምንቱ መጨረሻም ደኅና ነኝ ይላል። የዕረፍቱ ቀን ዓርብ በሆነበት አገር ሕመሙ ቅዳሜ ይመጣል። ሰው በሥራ ብዛት ሊታመም ይችላል ቢባል ከዕረፍት በኋላ መታመሙ ለአለቃው ስንፍና ይመስለዋል፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሠራተኛ ያለ አግባብ ሳይወቀስ አልቀረም። ዓመታት ሲያልፉ ሕመሙ ከሰኞ ወደ ማክሰኞ፣ ከዚያም ወደ ሳምንቱ ሁሉ ይዛመታል፤ በመጨረሻም ሥራውን ቢተው እንኳ የማይለቅ የሳንባ ድካም ይሆናል። ትምባሆ የሚያጨስ ሠራተኛ የባሰ ይጎዳል። ዛሬ ብዙዎች አዋቂዎች ዋና ምክንያት አድርገው የሚመለከቱት በጥጡ ተክል ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚተዉትን ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዝ ነው። ስለዚህ ቆሻሻው የበዛ ጥጥ በርካሽ የሚገዛ ፋብሪካ መርዙንም አብሮ ይገዛል ማለት ነው።

ይህን ረቂቅ ብናኝ የሚይዘው መኪና በአንድ መፍተያ ላይ የሚገጠም ሣጥን ሳይሆን ለአዳራሹ በሙሉ የሚሠራ የማጣሪያ ቤት ነው። ከመንደፊያው ከበሮ ሥርና ላይ ብናኙ ከመነሻው ሳይርቅ በቱቦ ይሳባል። የአዳራሹም አየር በወለሉ ላይ በተተከሉ ፍርግርጎች በኩል ወደ ምድር ቤት ቦይ ይወርዳል። አየሩ ከላይ ወደ ታች እንዲሄድ መደረጉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብናኙ በሰው ፊት በኩል ወደ ላይ እንዳይወጣ ነው። በማጣሪያው ቤት አየሩ አስቀድሞ ቃጫዎቹን በሚያስቀር ወንፊት ያልፋል። ቀጥሎ ጨርቅ ወይም ስፖንጅ መሰል ነገር በለበሰ፣ ቀስ ብሎ በሚዞር ታላቅ ከበሮ ውስጥ ይጣራል። በከበሮው ላይ የተጋገረውን ብናኝ ትናንሽ የመሳቢያ አፎች እየተመላለሱ ይልሱታል፤ ብናኙም ተጨምቆ በከረጢት ይወጣል።

የተጣራው አየር ወደ ውጭ አይጣልም፤ ውኃ በሚረጭበት ክፍል አልፎ ርጥበት ካገኘ በኋላ ወደ አዳራሹ ይመለሳል። ደረቅ አየር ቃጫውን ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ከመኪናውም ጋር በኤሌክትሪክ ኃይል እንዲጣበቅ ያደርገዋል። ስለዚህ በመፍተያ ክፍል የአየሩ ርጥበት ከመቶ 55 እስከ 60 ያህል፣ በመሸመኛ ክፍልም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይፈለጋል። ዛሬ በየቢሮውና በየሆቴሉ የሚሠራው ኤር ኮንዲሽን ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው፤ ቃሉን በ1906 ያወጡት የሰሜን ካሮላይናው የጥጥ ፋብሪካ መሐንዲስ ስቱዋርት ክሬመር ሲሆኑ ያሰቡትም ለክሩ እንጂ ለሰው ምቾት አልነበረም።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል። ኒውማፊሉ የሰበሰበው ጥጥ ተመልሶ ይፈተላል። የማጣሪያው ቤት በከረጢት የሚያወጣው ግን ግራጫ ትቢያ ነው፤ ማራገቢያዎቹም ሌሊትና ቀን ኤሌክትሪክ ይበላሉ። የመብራት ሂሳብ በከበደበት ወር ከማራገቢያዎቹ አንዱን ማጥፋት ለሥራ አስኪያጁ ቀላል ነው። ክሩ አይበጠስም፤ ወለሉም አይቆሽሽም፤ ማንም አያውቅበትም።

ስለዚህ ጉዳዩን ሕግ ያዘው። የአሜሪካ መንግሥት በ1978 ባወጣው ደንብ በፈትል ሥራ ላይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ200 ማይክሮግራም የበለጠ የጥጥ ብናኝ እንዳይኖር ወሰነ፤ ለመሸመኛ ክፍል 750፣ ለውዳቂ ማከማቻ ቤት 500 ማይክሮግራም ፈቀደ። አንድ ሺህ ማይክሮግራም አንድ ሚሊግራም ስለ ሆነ 200 ማለት የአንድ ሚሊግራም አንድ አምስተኛ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካዎች ማኅበር ወጪው ከጥቅሙ ጋር አይመጣጠንም ብሎ ተከራከረ። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በ1981 ሕጉ የሠራተኛውን ጤና የሚጠብቀው ሊሠራ እስከሚቻለው ድረስ እንጂ ጤናን ከወጪ ጋር በሚዛን አስቀምጦ አይደለም ብሎ ደንቡን አጸና። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ፋብሪካዎች አሮጌ መንደፊያዎቻቸውን ጥለው ዙሪያቸው የተዘጋና ብናኙን በቱቦ የሚያስወጣ መኪና ተከሉ፤ በሽታውም እጅግ ቀነሰ። አዲሶቹ መኪናዎች ከአሮጌዎቹ ይልቅ ብዙ የሚያመርቱ ሆነው መገኘታቸው ባለ ፋብሪካዎቹ በክርክሩ ጊዜ ያላሰቡት ነገር ነበር።

በአፍሪካ ቀንድ የጥጥ ፋብሪካ እንግዳ ነገር አይደለም። የድሬዳዋው በ1939፣ የአሥመራው የባራቶሎ ፋብሪካ በ1956፣ የባሕር ዳሩ በ1961 የተቋቋሙ ናቸው። በ1991 በታተመ አንድ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ 595 ሠራተኞች ተመርምረው ነበር። ጥጡ በሚፈታበት ክፍል ከሚሠሩት ከመቶ 43.2፣ በመንደፊያው ክፍል ከሚሠሩት ከመቶ 37.5 የሚሆኑት የቢሲኖሲስ ምልክት ተገኝቶባቸዋል። በሌሎቹ ክፍሎች ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነበር። ከላይ እንደ ተባለው ቆሻሻው ከሁሉ ይልቅ የሚወጣው በእነዚሁ በሁለቱ ክፍሎች ነው።

ለደጋ አገር ተለይቶ ሊታሰብ የሚገባው አንድ ነገር አለ። በአሥመራ ወይም በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ የሳሳ ነው። አንድ ማራገቢያ በዚያው ፍጥነት ቢዞር የሚያንቀሳቅሰው የአየር ስፋት ያው ነው፤ ነገር ግን የመሳቡ ኃይል በባሕር ጠረፍ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ቃጫን በቱቦ ውስጥ ተሸክሞ የሚሄደው ይህ ኃይል ስለ ሆነ፣ በጠረፍ ከተማ በደንብ የሠራ መኪና ደጋ ላይ ቱቦው ሊደፈንበት ይችላል። በዚህም ላይ በበጋ ወራት የደጋው አየር ደረቅ ነው። ስለዚህ መኪና በሚታዘዝበት ጊዜ የከተማውን ከፍታ በማዘዣው ወረቀት ላይ መጻፍ ትንሽ የሚመስል ታላቅ ነገር ነው። አሮጌ መኪና ከሌላ አገር በርካሽ ገዝቶ የሚተክልም ሰው ይህን ሳይጠይቅ ገንዘቡን ባይከፍል ይሻለዋል።

ማጣሪያው ራሱ ጠባቂ ካጣ አደጋ ነው። የሚንሳፈፍ ጥጥ እንደ ክብሪት ይቀጣጠላል፤ ከጥጡ ጋር የገባች አንዲት ምስማር በብረት ጥርስ ላይ ተመትታ ፍንጣሪ ብታወጣ እሳቱ በቱቦው ተስቦ ወደ ማጣሪያው ቤት ይደርሳል። ረቂቅ ብናኝ በተዘጋ ስፍራ ሲበዛ ደግሞ መቃጠል ብቻ ሳይሆን እንደ ባሩድ ይፈነዳል። መጋቢት 15 ቀን 1987 ሌሊት በቻይና በሐርቢን ከተማ በሚገኝ የተልባ ቃጫ ፋብሪካ በብናኝ ማስወገጃው ውስጥ የተነሣ ፍንዳታ 58 ሰዎች ገድሎ 177 አቁስሏል። ስለዚህ ጥጡ በሚፈታበት ክፍል ብረት የሚይዝ ማግኔት ይደረጋል፤ በቱቦዎቹም ውስጥ ፍንጣሪን አይቶ መንገዱን የሚቀይር መሣሪያ ይገጠማል፤ ከረጢቶቹም ሳይሞሉ ይወጣሉ።

በኢትዮጵያ በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ስፍራ ለጤና የማያሰጋ እንዲያደርግና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም ገብቶ እንዲያይ ሥልጣን ይሰጣል። ተቆጣጣሪው ወለሉን አይቶ ብቻ እንዳይመለስ ሊያስተውላቸው የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። የብናኝ መመዘኛ መሣሪያ ባይኖረው እንኳ በጨለማ ጥግ ጠንካራ የእጅ ባትሪ አብርቶ ጨረሩን ከጎን ቢመለከት፣ በፀሐይ ጨረር እንደሚታየው ሁሉ፣ የተሰወረው ይገለጥለታል። የብናኙን መጠን ግን በዚህ መንገድ ሊያውቅ አይችልም። ወደ ማጣሪያው ቤት ገብቶ ከበሮው የሚዞር እንደ ሆነ፣ ጨርቁ ተቀዶ እንደ ሆነ፣ ከረጢቱም መቼ እንደ ወጣ ይጠይቅ። በሩ ተቆልፎ ቁልፉ የጠፋበት ሰው ሲፈለግ ግማሽ ሰዓት ካለፈ መልሱ በከፊል ተገኝቷል። ሠራተኞቹንም ያመማችኋል ወይ ብሎ ሳይሆን ሰኞ ቀን ደረታችሁ እንዴት ይሆናል ብሎ ይጠይቃቸው፤ የሚጠይቅበትም ቀን ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። በነጠላ ወይም በሻሽ አፋቸውን ሸፍነው ቢያገኛቸው ተጠብቀዋል ብሎ አይጻፍ፤ ጨርቁ የሚያስቀረው የሚታየውን ጥጥ ነውና።

የከተማው ሕዝብም ከፋብሪካው አጥር ውጭ ሆኖ ይህን ብናኝ የሚያገኝበት መንገድ አለ። ለፈትል የማይበጀው ውዳቂ በከረጢት እየተሸጠ ለፍራሽና ለትራስ መሙያ ይሆናል። ፍራሽ ሠሪው በመንገድ ዳር ወይም በጠባብ ሱቅ ውስጥ ጥጡን በዱላ እየመታ ሲያፍታታ ከፋብሪካው መንደፊያ የተወገደው ሁሉ እንደ ገና ይነሣል፤ በዚያ ስፍራ ቱቦም ከበሮም የለም። ውዳቂውን ከሜዳ ላይ፣ ነፋስ በጀርባው በኩል ሲነፍስ ቢመታው፣ አስቀድሞም ውኃ እፍ ብሎ ቢያርሰው የሚበነው ይቀንሳል፤ ከመሙላቱ በፊት ግን በፀሐይ በሚገባ መድረቅ አለበት። ከማጣሪያው ቤት የወጣው ግራጫ ትቢያ ግን ከቀረው ውዳቂ ጋር ተደባልቆ ለፍራሽ መሸጥ አይገባውም። ጉድጓድ ተቆፍሮ ከፍግ ጋር ቢበሰብስ ለአትክልት ማዳበሪያ ይሆናል። ማዘጋጃ ቤቶች ለፍራሽ ሠሪዎች የሥራ ፈቃድ ሲሰጡ መሙያው ከየትኛው የፋብሪካ ክፍል እንደ ተገዛ ደረሰኙን ለማየት መጠየቅ ይችላሉ።